አይፓዳችሁ ራሱ እየጠፋ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ከቨሩን አውልቁት

የሀበሻ ልብስ ዲዛይን እሠራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ጥለቱን አይፓድ ላይ ስዬ ነው የማሳየው። እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ ነው፤ የ2021ዱ ዘጠነኛ ትውልድ፣ ባለ 10.2 ኢንቹ። ፕላስቲክ ከቨር ለብሶ ነበር የመጣው። ከጊዜ በኋላ ጥግ ጥጉ ተላጠ። በእጅ የተሸመነ ልብስ እየሸጥኩ የተላጠ ፕላስቲክ ሙሽራ ፊት ማቅረብ አስጠላኝ። ከቆዳ ላሠራ ወሰንኩ።

ቀላሉን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት ቁራጭ ጥለት ተርፎኝ ነበር፤ ለጠርዙ በቃኝ። ቆዳውን መርካቶ ገዛሁ፣ የፍየል ነው። የበግ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ ግን ይለጠጣል፤ ሲቆይ አይፓዱ ውስጡ ይዋልላል። ቦርሳ የሚሠራ ልጅ አግኝቼ በ2,500 ብር ተስማማን። ልክ ስትሰጡ «10.2 ኢንች» እንዳትሉ። እሱ የስክሪኑ ልክ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ። አካሉ 250.6 በ174.1 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ 7.5። ከሁሉ የሚሻለው ዕቃውን ራሱን ይዞ መሄድ ነው።

በአምስት ቀን አለቀ። ወደ ቤት ስመለስ ሁለቴ መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። ከውጭ ቡናማ ቆዳ፣ ሲከፈት ጠርዙ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት። ክዳኑ ላይ ማግኔት አለው፤ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። መከራዬን ያሳየችኝ ያቺ ማግኔት ናት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፌ አይፓዱን ሰጠኋቸው። ስክሪኑ ድርግም አለ። አበራሁት፣ ጠፋ። ደግሜ አበራሁት፣ ደግሞ ጠፋ። እናትየዋ «ምነው ልጄ፣ ቻርጅ የለውም እንዴ?» አሉኝ። ቻርጁ 80 በመቶ ነበር። በአራተኛው ላይ ሙሽራዋ ስልኳን አወጣችና «እስከዚያ ያየሁትን ላሳይሽ» ብላ የሌላ ሰው ሥራ አሳየችኝ። እያላበኝ አየሁላት።

እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ቆየ። አንድ ቀን ደህና ይውላል፣ በማግስቱ ደንበኛ ፊት ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ጥገና ቤት ወሰድኩት።

የጥገናው ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ከቨሩን አውልቆ ጠረጴዛው ዳር ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነካካው። አንዴም አልጠፋም! እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁ ነበር። ይኼን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መልሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም።

«እህቴ፣ ባትሪው ነው። መከፈት አለበት» አለኝ።

«አልጠፋም እኮ» አልኩት።

«አሁን ቀዝቅዞ ነው። ሲሞቅ ይጠፋል።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። የሠርግ ወቅት ነበር፣ ቸኩያለሁ፣ እሱ ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያወራው።

የአይፓድ ባትሪ ተከፍቶ በቀላሉ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። የፊት መስታወቱ በማጣበቂያ ነው የተያያዘው። በሙቀት ያለሰልሱትና በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን እየፈለቀቁ ያነሱታል። እጁ ያልረጋ ሰው ከሆነ መስታወቱ ይሄዳል። ማታ ደውሎ «ትንሽ ነገር ተፈጥሯል» አለኝ። ስሄድ መስታወቱ ከታችኛው ጥግ ተሰንጥቋል። የጣት አሻራ ማንበቢያው ቀጭን ገመድም ተቆርጧል። ያ ማንበቢያ ከፋብሪካው ከዋናው ቦርድ ጋር ተጣምሮ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ቢገጠምለት አሻራ አያነብም። ይኼን ከመክፈቱ በፊት አልነገረኝም። ሲነግረኝም ጥፋቱ የአይፓዱ እንደሆነ አድርጎ ነው። ለባትሪና ለመስታወት 9,500 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው አድራሻው ያለበትን ካርድ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ከቨሩን አለበስኩት። በማግስቱ ደንበኛ ፊት ጠፋ።

ያን ዕለት ማታ ጨርቅ እየሰካሁ ስፒል ወደቀብኝ። ብፈልግ ብፈልግ መሬት ላይ የለም። ቀና ስል ከቨሩ ክዳን ጥግ ላይ ተለጥፏል። አጠገቡ ሌሎች ሁለት ነበሩ። ከዚያ ቆዳ ላይ ስፒል ስለቅም ሰንብቻለሁ፤ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ክዳኑን ወደ ኋላ አጠፍኩት። ማግኔቷ አይፓዱ ጀርባ ላይ አረፈች። ጠፋ። ራቅ አድርጌ አበራሁት፣ በራ። አስጠጋሁት፣ ጠፋ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይፓድ ማግኔት ሲጠጋው የሚያውቅ ሴንሰር አለው። የአፕል ኦርጅናል ከቨር ሲዘጋ ስክሪኑ የሚጠፋው፣ ሲከፈት የሚበራው በእሱ ነው። የዚያ ከቨር ማግኔቶች ታስቦባቸው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። የእኔ ላይ ቦርሳ ሠሪው ልጅ የሰፋበት ግን የሴት ቦርሳ መዝጊያ ማግኔት ነው። ጠንካራ ነው፤ ከጀርባ ሆኖም ሴንሰሩን ያታልለዋል። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ሥራው ቦርሳ ነው። ጥገና ቤቱን ግን ይቅር አላልኩም። ሙያው ያ ሆኖ «ምን አልብሰሽው ነው?» ብሎ መጠየቅ አቃተው።

መፍትሔው ብር አያስወጣም። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ኤንድ ብራይትነስ ግቡና ሎክ አንሎክ የሚለውን ዝጉት። ከዚያ በኋላ ማግኔት ቢጠጋም ስክሪኑ አይጠፋም። ሻጮች ከቨሩ ሲዘጋ ስክሪኑ በራሱ መጥፋቱን ባትሪ ይቆጥባል ብለው ያሞግሱታል። እኔ ግን ዝጉት ባይ ነኝ፤ ቁልፉን በጣት መጫን ምንም ድካም የለውም። የባንክ ካርድ ኪስ ያለው ከቨር ከማግኔት ጋር ከሆነም ይቅርባችሁ፤ የካርዱን ጥቁር መስመር ሊያበላሽባችሁ ይችላል።

አሁን አይፓዴ ከቨር የለውም፤ ማኅደር አሠራሁለት። የብራና መጻሕፍት የሚያድሩበትን ባለ ማንገቻ የቆዳ ማኅደር አስቡት፣ እሱን አሳንሱት። የሠራው ያው ቦርሳ ሠሪ ነው። መዝጊያው የቆዳ ቁልፍና ጠፍር ነው። ውስጡ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ጥለቱን ከውጭ አደረግኩት፤ አብረቅራቂው ክር ጀርባውን እንዳይቧጭረው ብዬ ነው። በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ አስተዉለት። ለማቆሚያ ደግሞ አናጢ ዘንድ ሄጄ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ትንሽ አትሮኖስ አሠራሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ነው። እናቶች በተለይ ይወዱታል። ኪቦርድ የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው ያለ ብሉቱዝ ኪቦርድ ይበቃችኋል፤ ከከቨር ጋር የተሰፋው ለዋጋው አይመጥንም።

ማኅደር ግን አይፓዱ ከእጅ ሲያመልጥ አያድንም። ቤታችሁ ልጅ ካለ ያንን ወፍራም የጎማ ከቨር ግዙና ውበቱን እርሱት።

ያቺ ሙሽራ አልተመለሰችም። አይፓዱን በስድስት ቁጥር ነው የምከፍተው። በተቀየረው መስታወት ላይ ጥለት ስስል፣ ታችኛው ጥግ ስደርስ የፔንስሉ መስመር አሁንም ይንቀጠቀጣል።