ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር

ፍራንክፈርት ከመጣሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐበሻ ሰርግ እቀርጻለሁ። በአሮጌው ላፕቶፔ አንድ ሰርግ አቀናብሮ ለመጨረስ ወር ይፈጅብኝ ነበር። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ቆጥቤ በ1,450 ዩሮ ኮምፒውተር አስገጣጠምኩ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የገጣጠመው ሱቁ ነው። ቤት አምጥቼ የከፈትኩት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ የስህተት ስክሪን መጣ። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። አንዳንዴ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ በሰዓት ሦስቴ። ዊንዶውስን ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ሱቁ ወሰድኩት። ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል አይቶት «ምንም የለበትም፣ የጫንከው ፕሮግራም ይሆናል» አለኝ። ጀርመንኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለክርክር ግን ያጥረኛል። ኮምፒውተሩን ባቡር ውስጥ ታቅፌ ተመለስኩ። ሰው አገር ስኖር ልማድ ሆኖብኛል፤ የሆነ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው።

የባሰው የመጣው በኋላ ነው። አንድ ሰርግ እያቀናበርኩ ነበር። የሙሽራው እናት ከደሴ ነው የመጡት፣ ቪዛ ስንት ወር ጠብቀው። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ስመው፣ እሳቸው እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ሲያሳርፉ ምስሉ ተቆራረጠ። ፊታቸው በአረንጓዴና በሮዝ ቁርጥራጭ ተሸፈነ። ድምፃቸው ጠፋ። እንዲህ ያለ ምርቃት ድገሙት ተብሎ አይቀረጽም። ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

የደረሰልኝ የአንድ ወዳጄ ልጅ ነው። ገና 16 ዓመቱ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። «ጋሼ፣ ራሙ ይመስለኛል» አለኝ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ ነው። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ይሄ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በጫንኩት ፕሮግራም ማሳበብ አይቻልም። ለሌሊቱ ትተነው ሥራ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ስክሪኑ ስህተት በሚያሳይ ቀይ መስመር ተሞልቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ መጥቶ ሁለቱን ራም ለየብቻ ፈተናቸው። አንደኛው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው በየትኛውም መሰኪያ ቢገባ ስህተት ያወጣል። ማዘርቦርዱ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ደህና ነው ማለት ነው።

የቪዲዮውም ነገር ያኔ ገባኝ። ፋይል ከካሜራ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በራም በኩል ያልፋል። ራሙ ችግር ካለበት ያለፈበትን ሊያዛባው ይችላል፣ ያውም ምንም ሳይናገር። እባካችሁ፣ አዲስ ኮምፒውተር ስትገዙ ሥራ ሳትጀምሩበት አንድ ሌሊት ሜምቴስት ላይ አሳድሩት። የካሜራ ካርዳችሁንም ለማጥፋት አትቸኩሉ።

የቀዩን ስክሪን ፎቶ ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ «ለአምራቹ ላከው፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል» አሉኝ። እሺ ብዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ ሸማቾች ምክር ማዕከል፣ ወደ ፌርብራውኸርሴንትራለ የላከችኝ። እዚያ ያገኘኋት ሴትዮ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጋራንቲ የሚባለው አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። ገቬርላይስቱንግ ግን ሕግ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው፤ ለአዲስ ዕቃ ሁለት ዓመት። ከ2022 ወዲህ በተገዛ ዕቃ ላይ በመጀመሪያው 12 ወር ጉድለት ከታየ፣ ስትረከበውም ነበረበት ተብሎ ይወሰዳል። አልነበረበትም የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳ። ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን በመሠረቱ የሚመርጠው ገዢው ነው፣ የመላኪያውም ወጪ የሻጩ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት የተበላሸ ዕቃ ዝም ብዬ እንደጣልኩ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ደብዳቤ ጻፍኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸውን አንቀጽ 477 ጠቀስኩ፣ የ14 ቀን ቀነ ገደብ አስቀመጥኩ፣ ፎቶዎቹን አያያዝኩ። ጀርመንኛውን ልጁ አረመልኝ። በዘጠነኛው ቀን ደወሉልኝና ሁለቱንም ራም ቀየሩልኝ።

ማታውን ሜምቴስት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት አንድም ቀይ መስመር የለም። የሰርጉ ካርድ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ምስጋና ለፈጣሪ አላጠፋሁትም። እንደገና ገለበጥኩትና ያቺን ቦታ ፈልጌ ከፈትኩ። እናትየው እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ። «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።