«ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ»፦ የሰው ኬክ ፎቶ ሲመጣ

የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ያለበት ክብ ኬካችን፣ ጥለቱ ዙሪያውን ዞሮ መገጣጠሚያው ሳይታወቅ ማለቅ ጀምሯል። ኬክ ለምታስጌጡ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ላካፍላችሁ የወደድኩት ግን የእጅ ሥራውን ብቻ አይደለም። ጥለቱ የገጠመው የሌላ ባለሙያ ኬክ ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ ከተነሳ በኋላ ነው። መቅዳት ነውር ነው አይደለም እያልን ስንከራከር ይህን እንረሳለን፤ ከፎቶ የተቀዳ ኬክ ባለቤቱን ከመበደሉም ሌላ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደታሰበው አይወጣም።

ስለ መጀመሪያው ደረጃ ብዙ አልልም። ስፖንጁን እኩል መቁረጥ፣ ፍርፋሪውን የሚይዘውን ስስ ክሬም መቀባት፣ ፍሪጅ ውስጥ ማጠንከር፣ ሁለተኛውን ክሬም በስክሬፐር ማስተካከል፤ ይህ ሁሉ በልምምድ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የውጭ አሠራር ለክሬሙ ስለሚገባው የስኳር ሽሮፕ «ሽሮፑን እስከ 118 ዲግሪ አፍሉ» ካለ እኛ 110 ላይ እናቆማለን። 118 እስኪደርስ ከተጠበቀ ውሃው ከልክ በላይ ይተናል፣ ስኳሩም የተመታው የእንቁላል ነጭ ውስጥ ሲፈስ ክር ክር ሆኖ ይጠነክራል። ቤኪንግ ፓውደሩም እንዳለ ከተወሰደ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል፤ ሩብ ያህሉን ቀንሶ መጀመር ነው። ፎቶ ይህን አይናገርም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ የጋራ የሆነውንና የሰው የሆነውን መለየት ይቀድማል። ስልት የጋራ ነው። አሁን በልብ ቅርጽ ኬኮች ላይ ተመልሶ የመጣውን፣ ክሬም በክሬም ላይ እየደራረቡ የማስጌጥ ዘዴ የኬክ ባለሙያው ጆሴፍ ላምቤዝ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስፋፍቶታል፤ ዛሬ ማንም «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። በ104 ቁጥር ኖዝል (የክሬም መጭመቂያው ጫፍ ላይ በሚገባው ቀዳዳ ብረት) የተሠራ ሽንሽን፣ በኮከብ ኖዝል የተሠራ ዛጎል፣ የጽጌረዳ አጠቃለል እንዲሁ ናቸው። ሕጉም ወደዚህ ያደላል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ዘዴንና ቀመርን አይጠብቅም፤ ፎቶግራፍ ግን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የሌላውን ሰው ፎቶ በራስ ቴሌግራም ቻናል ላይ እንደ ናሙና ለጥፎ ትዕዛዝ መቀበል የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ደንበኛውንም ማታለል ነው፤ የእኛ ያልሆነውን እጅ የእኛ ብለን እየሸጥንለት ነውና።

አስቸጋሪው መካከል ላይ ያለው ነው። ስልቱ የጋራ፣ ፎቶው የሰው፤ አቀማመጡ ግን የማን ነው? አበባው ከሁለተኛው ፎቅ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ታች መውረዱ፣ የላይኛው ፎቅ አጭር ሆኖ መካከለኛው መርዘሙ፣ ነጩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ወርቅ መቀባቱ፤ እነዚህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦባቸዋል። የባለሙያው ድካም ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመካከላችን «ሦስት ነገር ከቀየርክ ያንተ ነው» የሚል ደንብ ይዞራል። አልስማማበትም። ሮዙን ወደ ሰማያዊ፣ ጽጌረዳውን ወደ አደይ አበባ፣ ቶፐሩን (አናቱ ላይ የሚሰካውን ጽሑፍ) ወደ ሌላ ስም ቀይሩና ኬኩን ከሩቅ እዩት፤ ያው የሰውየው ኬክ ነው። በሌላ በኩል ሦስቱ ፎቆች 15፣ 20 እና 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሯቸው ቁመታቸው እኩል 10 ከነበረ፣ ቁመቱን ብቻ 8፣ 16 እና 10 አድርጉት፤ አበባው የሚያርፍበት ቦታም አብሮ ይቀየራል፣ ሌላ ኬክ ይሆናል። መቁጠሪያው የለውጡ ብዛት መሆን የለበትም። ሁለቱን ኬኮች በጥቁር ጥላ ብቻ ሳሏቸው፤ ጥላቸው አንድ ከሆነና ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታም አንድ ከሆነ ተቀድቷል።

ለመማር መቅዳትን ግን አልነቅፍም። የዜማ ተማሪ መምህሩ ያሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መያዝ አለበት፤ ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ከጉባኤ ቃና (ከባለ ሁለት ቤቱ አጭር ቅኔ) ጀምሮ የራሱን መቁጠር ይጠበቅበታል፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ብሎ ማሰማት ያሳፍራል። «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል የራሱን አፈለቀ ማለት ነው፤ ያው ቃል ገበያ ላይ ሲውል የሰው ንብረት መውሰድ ይሆናል። የእኛም ሥራ ሁለት ቤት አለው። በፎም (በማይበላ የኬክ ማስመሰያ) ላይ፣ ለልምምድ፣ እንደ ዜማ ቅዱ፤ የጣት ግፊት የሚገኘው በዚያ ነው። ለሽያጭ ሲሆን ቅኔ ቤት ገብታችኋል።

አሁን ወደ ጥለቱ። ለሰርግና ለመልስ በብዛት የሚታዘዘው ይህ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ሥራ ጥለቱን ከሌላ ኬክ ፎቶ ላይ ይቀዳል። ችግሩ ከመነሻው ይጀምራል። ፎቶ የኬኩን ግማሽ ዙሪያ ብቻ ያሳያል። ያም ግማሽ ቢሆን እውነተኛ ልኩን አይሰጥም፤ መሃል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥለት ከመሃሉ 60 ዲግሪ ዞሮ ሲታይ ግማሽ ያህል ስፋት ብቻ ይኖረዋል። ከጠርዙ ለክቶ የጀመረ ሰው ጥለቱን አጥብቦ ይሠራል፣ ከኋላ ሲደርስ የማይገጥም ቦታ ይተርፈዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዋ ባለሙያ ራሷ ከኋላ ያልገጠመ ነገር ሊኖራት ይችላል፤ ፎቶው ላይ አልወጣም እንጂ። የእሷን ስህተት ሳናየው እየቀዳን ነው።

መፍትሔው ወደ ምንጩ መሄድ ነው፦ ወደ ጨርቁ። ሙሽራዋ የምትለብሰውን ቀሚስ ወይም የነጠላውን ጫፍ ጠይቁ፤ ካልተቻለ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥለቱን በዓይን ማየት ነው። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ማስመሪያ ጎኑ አድርጉ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱት። ከዚያ ጥለቱ ራሱን የሚደግምበትን ርቀት ፈልጉ። ሽመና በክር ቁጥር የሚሄድ ስለሆነ ደረጃ ደረጃ እያለ ይወጣል፤ ስለዚህ በካሬ ወረቀት ላይ ያለ ችግር ይገለበጣል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኬክ ክሬሙ ሲጨመር 21 ይሆናል። ዙሪያው 21 በ3.14 ሲባዛ 66 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ጥለት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 13 ጊዜ ይሄድና 1 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ከኋላ የሚታየው ቀዳዳ ይኸው ነው። 5.5 ሲሆን ግን ልክ 12 ጊዜ ይገባል። ኬኩን ከቀባችሁ በኋላ ዙሪያውን በወረቀት ጥብጣብ ለኩት፤ የክሬሙ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከዚያ ጥብጣቡን 12 ቦታ እጠፉት። ማስመሪያ ባይኖር እንኳ እጥፋቱ አይዋሽም።

5.5 ሳንቲ ሜትሩን በ11 ዓምድ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ካሬ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዓምዱ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን። ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ የአልማዙ ጫፍ መሃል ዓምድ አያገኝም፣ ሁለት ካሬ ሆኖ ይደነዝዛል። አልማዙ ከታች በ1 ካሬ ይጀምርና 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ 11 ደርሶ በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ በድምሩ 61 ካሬ። ቁመቱም 5.5 ስለሚሆን 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ኬክ ላይ ከግማሽ ትንሽ ያንሳል፤ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ከታች ሲያርፍ ያምራል።

በካሬው ውስጥ ነጥብ አታድርጉ። በ2 ቁጥር ኖዝል ሦስት አጫጭር መስመር ጎን ለጎን ሳቡ፤ ክር የሚመስለው ያኔ ነው። 61 ካሬ በ12 ጥለት 732 ካሬ፣ በሦስት መስመር 2,196 መስመር ይሆናል። ለደንበኛ ዋጋ ስትነግሩ ይህን ቁጥር ንገሩ፤ ጥለት ያለው ኬክ ለምን እንደሚወደድ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ክሬሙ ላይ ክሬም እንጂ ሮያል አይሲንግ (በእንቁላል ነጭና በዱቄት ስኳር የሚሠራ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ማስጌጫ) አትጠቀሙ። ቅቤው የሮያሉን ጥንካሬ ያላላዋል፣ ደርቆም ቢሆን ኬኩ ሲንቀሳቀስ ይነቀላል። ሮያል ለፎንዳንት (ተድጦ ኬኩን ለሚለብሰው የስኳር ሊጥ) ነው። ኬኩን 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሩት፣ የጥብጣቡን እጥፋቶች በስቴኪኒ ምልክት አድርጉ፣ መጀመሪያ ቢጫውን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን፣ በመጨረሻ ቀዩን ሥሩ። ከቀይ ከተጀመረ ቢጫው ላይ ያለ ትንሽ ስህተት ሁሉ ቀይ እየነካ ይበላሻል። ቀዩን ክሬም በዋዜማው አዘጋጁ፤ አድሮ ስለሚጠቁር ቀለም እየጨመሩ ማምረር አያስፈልግም። የክሬም መጭመቂያው ላስቲክ ውስጥ ከ100 ግራም በላይ አትሙሉ፤ የእጅ ሙቀት ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ መስመሩም ይንጠፈጠፋል። ከፍሪጅ የወጣ ኬክ ካርቶኑ ሳይከፈት ይቆይ፤ ቀዝቃዛው ክሬም ላይ ላብ ከወረደ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈሳል። ክረምት ላይ ይህ ይብሳል።

ጥለቱ ራሱስ የማን ነው? ዘመናት የቆየው የሁላችን ነው። ሸማኔው አዲስ ያወጣው ግን አለ፤ ሽሮ ሜዳ ስትጠይቁ «ይህ የእገሌ ነው» ይሏችኋል። እንዲህ ከተባላችሁ ሸማኔውን አስፈቅዱ፣ የኬኩን ፎቶ ስትለጥፉም ስሙን ጻፉ። ከኬክ ባለሙያ መቅዳት ነውር ብለን ከሸማኔ ስንወስድ ዝም ማለት አይገባም።

«ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የሚረዳው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከዚህ ላይ በጣም የወደዱት የቱን ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙ፣ ወይም አበባው፣ ወይም ቀለል ማለቱ። ቃሉን ጻፉት፣ ፎቶውን ዝጉት፣ በነጋታው ከጻፋችሁት ቃል ብቻ በእርሳስ ሳሉ። ከዚያ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። በጾም ወቅት ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው የቅቤ ክሬም ጨርሶ አይሆንም፤ «የአትክልት» ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች መካከል ሶዲየም ኬዚኔት የተባለ የወተት ፕሮቲን ያለባቸው ስላሉ ጀርባውን አንብቡ።

ደንበኛው ያኔም ያንኑ ኬክ ብቻ ካለ፣ የሠራችው ባለሙያ እዚሁ አዲስ አበባ ከሆነች ወደ እሷ መላክ ይገባል። ከፒያሳ ቦሌ ድረስ ሩቅ አይደለም። የእሷን ኬክ በርካሽ ሠርቶ መስጠት እንጀራዋን መንጠቅ ነው። ባለሙያዋ ውጭ አገር ከሆነች ጽፎ መጠየቅ፣ ከተሠራም «ንድፉ የእገሊት፣ አሠራሩ የእኛ» ብሎ በግልጽ መለጠፍ። «ኢንስፓየርድ» (ከሌላ ሥራ ተነሳስቼ) የሚለውን ቃል ብቻ ጽፎ ስም መዝለል አልወድም፤ ምስጋና ያለ ስም ምስጋና አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሁሉንም እንደማልፈጽም መናገር አለብኝ። ለነገ የሚፈለግ ትዕዛዝ ሲመጣ ቃል ጽፎ አድሮ መሳል ይቀርና ፎቶው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። የልጆች ልደት ላይ ያሉት የካርቱን ገጸ ባሕርያት የፈጣሪዎቻቸው መሆናቸውን እያወቅሁ አሁንም እሠራቸዋለሁ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሚኪ ማውስን ስትጠይቅ ምን እንደሚባል መልስ አላገኘሁም። ለጊዜው የያዝኩት መንገድ ገጸ ባሕርይውን ትቶ ቀለሞቹንና ልጅቷ የምትወደውን ነገር ብቻ ልሥራ ብሎ መጠየቅ ነው፤ አንዳንድ ወላጅ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። የማላደርገው አንድ ነገር ቢኖር ሌላ ሰው በእጁ የቀረጸውን የስኳር ምስል ገዝቶ፣ ሲሊኮን አፍስሶበት ቅርጽ (ሞልድ) ማውጣት ነው። መርካቶ እንዲህ የሚመስል ቅርጽ ሲቀርብላችሁ የምስሉን ግርጌ እዩ፤ የጣት አሻራ ወይም የስፓቱላ ጭረት ከነቅርጹ ታትሞ ከተገኘ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው።