ሦስተኛ ወር፦ ጆበርግን ማጥናት

ሰላም ለሁላችሁም። የአፍሪካን ሀብታም ከተሞች ኢኮኖሚ በራሴ ማጥናት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። መጀመሪያ የያዝኩት መንገድ አላዋጣኝም። የሚሊየነሮችን ቁጥር እየገለበጥኩ ደብተር ሞላሁ፤ ከወር በኋላ መለስ ብዬ ሳነበው ግን ከተማው ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ማንን እንደሚያበላ ምንም አይናገርም። አሁን ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። የዚህ ከተማ ሥራ ቢቆም ከከተማው ውጪ ማን ይጎዳል?

በዚህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት የደቡብ አፍሪካዋን ጆበርግን (ጆሃንስበርግን) ሳጠና ቆየሁ። ባሕር የለው፣ ወደብ የለው፣ ትልቅ ወንዝ እንኳ የለው። ያቆመው ወርቅ ነው። ወርቁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የአክሲዮን ገበያው የተከፈተው በዓመቱ! ይሄን ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ወርቁ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ አንድ ሰው በአካፋ ዝቆ የሚከብርበት አልነበረም፤ ማሽን ይፈልጋል፣ ማሽኑ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ባንኩም ደላላውም ተከትሎ መጣ። ዛሬ ሳንድተን በተባለው የከተማው ሀብታም ሰፈር ያለው ያ የአክሲዮን ገበያ በአፍሪካ ትልቁ ነው። ከተማው የሚገኝበት ጋውቴንግ ከደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገሮች በስፋት ትንሹ ሆኖ፣ ከሀገሪቱ ምርት ሲሶ ያህሉ ከእሱ ነው የሚወጣው።

ከሁሉ የገረመኝ ውሃው ነው። ከፊሉ ከሌላ አገር፣ ከሌሴቶ ተራሮች ነው የሚመጣው። ስምምነቱ በ1986 ተፈረመ፣ ወርቁ በተገኘ በመቶ ዓመቱ ማለት ነው። ከካትሴ ግድብ ተነስቶ በዋሻ ተጉዞ መፍሰስ የጀመረው በ1998 ነው። ሌሴቶም ለውሃው ይከፈላታል። ጥያቄዬ የመጀመሪያውን መልስ ያገኘው እዚህ ነው።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። እዚያው ጆበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ሱቅ አለው፤ የኛ ልጆች፣ በተለይ የሆሳዕና አካባቢ ልጆች የሞሉበት ሰፈር ነው። ደውዬ ደንበኞችህ እነማን ናቸው አልኩት። ከሞዛምቢክ፣ ከዚምባብዌ፣ ከማላዊ በአውቶብስ መጥተው በጅምላ ገዝተው የሚመለሱ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው አለኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ጆበርግ ሲቀዘቅዝ ማላዊ ያለች ቸርቻሪም፣ ከልጇ ብር የምትጠብቅ ሆሳዕና ያለች እናትም እኩል ይሰማቸዋል።

ልቤን ያከበደው ግን ሌላ ነው። ከሳንድተን ፎቆች አውራ ጎዳናውን ሲሻገሩ አሌክሳንድራ አለ፣ ሰው በቆርቆሮ ቤት ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር። ገንዘቡ ተራራ አቋርጦ ሌሴቶ እየደረሰ፣ መንገድ ተሻግሮ አሌክሳንድራ ሲደርስ በቁንጣሪ የሚሆነው ለምንድን ነው? በአፓርታይድ ዘመን ማን የት ይኑር የሚለው በሕግ ይወሰን እንደነበር አውቃለሁ፣ ሕጉ ከተነሳ ግን 30 ዓመት አልፎታል። ይሄን ገና አልጨረስኩትም።

ቀጣዩ ሌጎስ ነው። ዋና ከተማነቱን በ1991 ለአቡጃ ቢያስረክብም ንግዱን አላስረከበም፣ በ2023 ደግሞ ሌኪ ላይ አዲስ ጥልቅ ወደብ ከፍቷል። ከመካከላችሁ በሌጎስ ነባር ወደብ በአፓፓ ዕቃ አስጭኖ የሚያውቅ ካለ፣ መኪናው ወረፋ ላይ ስንት ቀን እንደቆመ ይጻፍልኝ።