የፕላዝማ መቁረጫውን ስክሪን እንዴት እንደለመድኩት

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ነው። የግቢ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ሲኤንሲ ፕላዝማው፣ ማለትም በኮምፒውተር እየተመራ በኤሌክትሪክ እሳትና በታመቀ አየር ብረት የሚቆርጠው ማሽን፣ እስኪመጣ ድረስ አበባውንም መስቀሉንም በግራይንደር ነበር የምንቆርጠው። ማሽኑ ሲተከል ሁሉም ስክሪኑን ሸሸው፣ እኔ ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ ነው መሰለኝ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

ስክሪኑ ሲታይ ያስፈራል እንጂ ቀኑን ሙሉ የምነካው ጥቂት ነገር ነው። ፋይል መክፈቻ፣ ቶርቹን (እሳት የሚተፋውን የማሽኑን እጅ) የሚያንቀሳቅሱት ቀስቶች፣ ዜሮ ማድረጊያ (የሥራው መነሻ ነጥብ የሚያዝበት)፣ ፍጥነት መጨመሪያና መቀነሻ፣ መጀመሪያና ማቆሚያ። በቃ። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ግን ስክሪኑ ውስጥ አይደለም፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን ሥራ ሳትጀምሩ እዩ።

ሥዕሉን ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም እሠራለሁ፣ ዲኤክስኤፍ በሚባል የፋይል ዓይነት አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ፋስትካም የሚባል ሌላ ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚያነበው ትእዛዝ፣ ወደ ጂ ኮድ፣ ይቀይረዋል፣ በፍላሽ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የፋይሉን ስም በአማርኛ አትጻፉ፣ የእኛ ማሽን አያነበውም። ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አንብቡ። ጂ21 ካለ ሚሊ ሜትር ነው፣ ጂ20 ካለ ኢንች። በኢንች የተጻፈውን ማሽኑ በሚሊ ከቆጠረው መጠኑ 25.4 ጊዜ ያንሳል፣ የ60 ሳንቲ የበር መስቀል የአንገት መስቀል ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለ እሳት ማስኬድ ነው። ቶርቹ ሳይበራ የሥራውን ዳር ዳር ይዞራል። በተለይ ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ስትሠሩ ይህንን አትዝለሉ፣ ስክሪኑ ላይ የገባ የሚመስለው ሥዕል ጥግ ላይ ከላሜራው ውጭ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ፍጥነቱን ስንት ላይ ታደርገዋለህ?" ብሎ ነው። እኛ 3 ሚሊ ላሜራ በ45 አምፔር ስንቆርጥ በደቂቃ 2,800 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንጀምራለን። ግን ይህ መነሻ ነው፣ ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ የተቆረጠው ብረት ነው። አንድ ቁራጭ ቁረጡና ገልብጡት። ከሥሩ ወፈር ያለ የቀለጠ ብረት ተንጠልጥሎ በመዶሻ ነካ ሲደረግ የሚረግፍ ከሆነ ቀርፋፋ ነበራችሁ፣ ፍጥነት ጨምሩ። ቀጭን ሆኖ ሙጭጭ ካለና በግራይንደር እንጂ አልለቅም ካለ ደግሞ ፈጥናችኋል። የእሳት ፍንጣሪውም ይናገራል፣ ከሥር ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከወጣ ደህና ነው፣ ወደ ላይ ከተረጨ ግን ብረቱ አልተበሳም፣ ወዲያው አቁሙ።

ስለ ከፍታም እንዲሁ። ሲበሳ ቶርቹ ከፍ ይላል፣ ሲቆርጥ ዝቅ ይላል። እኛ በ3.8 ሚሊ እንበሳለን፣ በ1.5 ሚሊ እንቆርጣለን። 6 ሚሊ ብረት ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆሞ እንዲበሳ እናዘዋለን። እዚያው ዝቅ ብሎ ከበሳ የሚረጨው ብረት ተመልሶ ኖዝሉን (እሳቱ የሚወጣበትን የቶርቹን አፍ) ይበላዋል። ቮልቴጅ እያነበበ ከፍታ የሚጠብቀው ክፍል ደግሞ አንድ ተንኮል አለው። ኤሌክትሮዱ (ቶርቹ ውስጥ እሳቱ የሚነሳበት ክፍል) መሐል ያለችው ሀፍኒየም የምትባል ትንሽ ብረት እየተቦረቦረች ስትሄድ የእሳቱ ርዝመት ይጨምራል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። ማሽኑ ታዲያ ቶርቹ ከፍ ያለ መስሎት ወደ ላሜራው ያስጠጋዋል። ስለዚህ ጠዋት ደህና የነበረው ቶርች ከሰዓት ላሜራውን መፈግፈግ ከጀመረ ስክሪኑን ከመነካካት በፊት ኤሌክትሮዱን ፈትታችሁ እዩ።

ፊደል መቁረጥ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቄስ ለቤተ ክርስቲያን በር "ደብረ ማርቆስ" የሚል ጽሑፍ አዘዙን፣ ፊደሉ ከላሜራው ላይ ተቆርጦ የሚወጣ። እንዲህ ሲሆን የማ ሁለቱ ሆድና የቆ ክብ ዙሪያቸው ስለሚቆረጥ ከሥር ወዳለው ገንዳ ይወድቃሉ። መፍትሔው 5 ሚሊ ያህል ስፋት ያለው ያልተቆረጠ ድልድይ መተው ነው። ቄሱ መጥተው አዩት።

"ልጄ፣ ይቺ ማ ምነው ተሰነጠቀች?"

"አባ፣ ካልተሰነጠቀች ሆዷ ይወድቃል።"

"እንግዲያስ ትሰንጠቅ!" ብለው ሳቁ።

ቅደም ተከተሉ ላይ፣ ሁልጊዜ የውስጡ ቀዳዳ ይቅደም፣ የውጩ ዙሪያ መጨረሻ። ዙሪያው አስቀድሞ ከተቆረጠ ቁራጩ ይንሸራተትና ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን ይስታሉ። የእኛ ቶርች እንደ አብዛኞቹ ቀጥ ያለውን ጠርዝ የሚተወው በሚሄድበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል ነው፣ ስለዚህ ውጩን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዙሪት፣ ቀዳዳውን በተቃራኒው እናዞረዋለን።

ማንም ያልነገረኝ የአየሩ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው አቅም እዚህ ሙሉ አይገኝም። ግፊቱን ቶርቹ አየር እየነፋ እያለ አንብቡ፣ ቆሞ እያለ ጌጁ ሁልጊዜ ደህና ነው የሚለው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃው አለ። ሐምሌና ነሐሴ ኮምፕሬሰሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ጠዋት ማታ እንከፍታለን፣ የሚወጣው ውሃ ያስገርማል። ያ ውሃ ቶርቹ ውስጥ ከገባ እሳቱ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ስክሪኑም የእሳት ስህተት እያለ ይጮሃል፣ ሰውም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ቴክኒሻን ይጠራል።

መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ። የእኛ መቆጣጠሪያ የቆመበትን ቦታ ያስታውሳል፣ ሲመለስ ከዚያው ቀጥል ማለት ይቻላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፣ ቶርቹን ተሸክሞ የሚሄደውን የማሽኑን ድልድይ ማንም በእጁ እንዳይገፋ። ስንዝር እንኳ ከተንቀሳቀሰ ማሽኑ አያውቅም።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ ስትቆርጡ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ። ወተት ጠጡበት የሚሉ አሉ፤ ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ።

ዋጋ ላይ ደንበኛው "ማሽን አይደል የሚቆርጠው፣ እናንተ ምን ደከማችሁ?" ይላል። እኛ የምናስከፍለው በቁርጡ ርዝመትና በብሱ ብዛት ነው፣ ምክንያቱም ኖዝልና ኤሌክትሮድን ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው መብሳት ነው። ትንንሽ ቀዳዳ የበዛበት አበባ ቀዳዳ ከሌለበት ትልቅ መስቀል የሚወደደው ለዚህ ነው። ያለቀ ኖዝል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ የሚከራከር ሲመጣ አሳየዋለሁ።