የሚንተባተብ ልጅ ፊደል ሲቆጥር

ልጄ አንደኛ ክፍል እንደገባ ከትምህርት ቤቱ የተነገረኝ «ማንበብ አልቻለም» የሚል ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። መንተባተብ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ የሚበዛ፣ በዘርም ሊተላለፍ የሚችል የንግግር ችግር እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት አይደለም፤ የማሰብ ችሎታንም አይነካም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያስቸገረው ንግግሩ ይሁን ንባቡ ለይቼ ማወቅ ነበረብኝ።

ለዚህም ድምፅ የማይጠይቅ ፈተና አዘጋጀሁለት። በካርቶን ቁራጮች ላይ ቃላት ጽፌ ምንጣፍ ላይ ደረደርኩና «በግ የሚለውን አምጣልኝ፤ ቡና የሚለውንስ?» እያልኩ ጠየቅኩት። አብዛኛውን ያለ ችግር አነሣ። የሚሳሳተው ሳድስና ሳብዕ ላይ ነበር፤ ካዕብ ከጎኑ በምትቀጠለው ጭረት፣ ኃምስም ከእግሩ ሥር ባለችው ቀለበት ባብዛኛው ሲለዩ፣ ሳድስና ሳብዕ ግን ከፊደል ፊደል መልካቸውን ስለሚለዋውጡ ማንኛውንም ጀማሪ ያስቸግራሉ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ዓይኑን መከታተል ጀመርኩ። ፊደሉ ሲጠፋበት ዓይኑ ከገጹ ተነሥቶ የእኔን ፊት ያያል፤ ሲንተባተብ ግን ዓይኑ ቃሉ ላይ እንዳለ ከንፈሩ ይጨመቃል፣ «በ… በ… በግ» እያለ ትክክለኛውን ድምፅ ይደጋግምና ቃሉን ራሱ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያው እገዛ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። በመሆኑም «ቀስ በል»፣ «ተንፍስ» ማለትንም ሆነ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ መጨረስን በቤታችን አስቀረሁ። አያቱ ይህን የሚያደርጉት ከልብ አዝነውለት ስለነበር እሳቸውን ማግባባቱ ከሁሉም የከበደኝ ሥራ ነው።

የሚንተባተቡ ሰዎች ከሌላ ሰው ጋር እኩል ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ መንተባተባቸው በእጅጉ እንደሚቀንስ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛም ማታ ማታ አብረን እናነባለን። የኔታ ዘንድ ልጆች «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያሉ በኅብረት የሚቆጥሩበት ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ትልቅ ጸጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ዜማው ልጁን ፊደሉን ሳያይ እስከ መጨረሻው ሊወስደው ስለሚችል፣ ገበታውን አንዲት ፊደል ብቻ በምታሳይ ቀዳዳ ባላት ወረቀት እየሸፈንኩ ከዚህም ከዚያም እጠይቀው ነበር።

ዓረፍተ ነገር ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ በልቡ ጨርሶት ከዚያ ድምፁን እንዲያሰማ አደረግኩ። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማያሳይ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ስለዚህ ይህ አሠራር ለማንኛውም ልጅ ይጠቅማል።

መምህሩንም ሄጄ አነጋገርኳቸው። ልጁን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው በመቀመጫ ተራ ሲነበብ ተራው እስኪደርስ መጠበቁ ስለነበር፣ ከጓደኛው ጋር በጥንድ እንዲያነብ ፈቀዱለት። ምዘናውን በሚመለከት ግን ረዘም ያለ ውይይት አስፈልጎናል። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን የተካሄደውን ጨምሮ ብዙ የንባብ ምዘናዎች ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራሉ፤ በዚህ መለኪያ የሚንተባተብ ልጅ የቱንም ያህል ቢያውቅ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። አሁን ልጄ ምንባቡን በልቡ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ስለ ይዘቱ ይጠየቃል፤ መልሱንም በጽሑፍ ወይም እየተንተባተበ በራሱ ፍጥነት ይሰጣል።