ፖርትፎሊዮዬና የአያቴ እስክርቢቶ

ቢቸና አካባቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሥዕል እማራለሁ ብሎ ቢነሣ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር መሆን አልነበረበትም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተነሥቶ ሥራዎቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፎውለር ሙዚየም ለእይታ የበቁለት ቄስ አዳሙ ተስፋው የወጣው ከዚሁ አገር ነውና። እኛ ቤት ግን ይህ ክርክር አላዋጣኝም። አባቴ «ሥዕሉስ ይሁን፤ ቀን ቀን ምን ትሠራለህ?» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገረም፤ እኔም ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀርበውን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቼን ማሳያ ጥራዝ፣ ማዘጋጀት ጀመርሁ።

የሥዕል መምህሬ እንደ ነገረኝ ከሆነ ፖርትፎሊዮ ማለት ያማረ ያማረውን ለቅሞ መጠረዝ አይደለም። ፈታኞች አስቀድመው የሚፈልጉት እጅ የዓይንን ትእዛዝ መስማቱን ስለ ሆነ፣ ከፎቶግራፍ የተቀዳው ቀርቶ ፊት ለፊት ያለውን ሰውና ዕቃ እያዩ የሠሩት ንድፍ መብዛት አለበት፤ የሙከራ ደብተርም ከነስርዝ ድልዙ ይቀርባል፤ ጠንካራው ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ ግርጌም በምን እንደ ተሠራ፣ መጠኑና ዓመቱ ይጻፋል። የከሰል ንድፍ በእጅ ንክኪ እንዳይጠፋ የሚነፋው መድኃኒት በእኛ ከተማ ስለማይገኝ የእኅቴን የፀጉር ስፕሬይ ከራቅ አድርጌ ነፋሁበት፤ ቤታችንም ለሰንበቻው የሙሽራ ቤት መሰለ።

ችግሩ የተነሣው ከሚሣሉት ሰዎች ነው። የእኛ አገር ሰው ትክ ብለው ሲያዩት ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለምና፣ ሁሉንም ሥራ ላይ እንዳሉ በጎን ሳልኋቸው፤ አባቴን ሞፈር ሲጠርብ፣ አያቴን እንዝርት ስታሾር፣ አህያችንን ጭነት ስትጠብቅ፣ አዛውንቱን ጎረቤታችንን ደግሞ ድንበራችን ላይ ተቀምጠው እርሻችንን ሲመለከቱ። ይህ የመጨረሻው፣ ራሴን ማመስገን ካልሆነብኝ፣ ከሁሉም የበለጠ ሥራዬ ነበር።

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊታቸውን አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ግብረ አበሮቹ ናቸው። ዘጌ ገብቶ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ በወጉ የተመለከተ ሰው ይህንን አይስተውም። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግድግዳ ግን አሳምራ ታነባለች።

«ልጄ፣ ምን በደልሁህ?» አለችኝ ሥዕሏን ይዛ።

«እምዬ፣ በጎን ስለ ሳልሁሽ እኮ ነው፤ ሌላው ዓይንሽ ከአፍንጫሽ ማዶ ስለ ሆነ አይታይም።»

«ማዶ ያለ ዓይን የለኝም። ሁለቱም እዚሁ ናቸው።»

ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የጉዞዬ ዋዜማ አያቴ የዓባይ በረሃ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ፖርትፎሊዮዬን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ጠርዙን ሁሉ በመርፌ ሰፋችው፤ እኔም እጇን ስሜ ተመረቅሁ። ከደጀን ቁልቁል ወርደን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጬ ስለ ነበር አጠገቤ የነበሩት እናት ሥዕለ ማርያም መስሏቸው ተሳለሙት፤ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

ከፈታኞቹ ፊት ቀርቤ ክሩን በጥርሴ እየበጠስሁ ስከፍተው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አባቴ በሁለት ዓይኖቹ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ዓይን በጉንጩና በጆሮው መካከል በሰማያዊ እስክርቢቶ ተሥሏል፤ እንደ ለውዝ ፍሬ የሾለ፣ ብሌኑ ወደ ጥግ የተገፋ፣ ከላዩ ወፍራም ቅንድብ የተደረበበት፣ ከአጥቢያችን ቅድስት ግድግዳ ተነሥቶ የመጣ የሚመስል ዓይን ነበር፤ እስክርቢቶው ከመጫኑ የተነሣም ወረቀቱ በጀርባው አብጧል። የአያቴ ሥዕል ላይ ከዓይኑ ሌላ እኔ የዘለልሁት የአንገቷ ንቅሳት መስመር በመስመር ተሟልቷል። አህያዋ አልተነካችም። በኋላ ምክንያቱን ስጠይቃት «የጊዮርጊስም ፈረስ አንድ ዓይን ነው» ብላኛለች።

ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ቄስ አዳሙም ጭምር ያጠናሁት መልስ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ፈታኞቹ ገጹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያገላበጡ ቆዩና መጨረሻው ላይ ደረሱ፤ ጎረቤታችን በአንድ ዓይናቸው እርሻችንን ያያሉ።

«ይኸኛውስ ዓይን ለምን ቀረበት?» አሉ በዕድሜ የገፉት ፈታኝ።

«ከእኛ ጋር የድንበር ክርክር አለባቸው።»

ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አጠገባቸው ያሉት መምህርት አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ጻፉ። ያንን ሥዕል ከሌሎች መምህራን ጋር እናየዋለን ብለው አስቀርተው የቀረውን መለሱልኝ።

የፈተናው ውጤት ገና አልተነገረም፤ የዓይኑ ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ አገር ቤት ገባ። ጎረቤታችን በአንድ ዓይን ተሥዬ አዲስ አበባ ገባሁ ብለው ሽማግሌ ላኩ፤ ስለ መሬቱ አንድም ቃል አላነሡም። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰምተው ጎረቤታችን የድንበሩን ድንጋይ ወደ ጥንት ቦታው እንዲመልሱ፣ አያቴም ዓይኑን እንድታሟላ ወሰኑ። ድንጋዩ በማግስቱ ተመለሰ። አያቴ ዕዳዋን ለመክፈል ብትፈልግም ወረቀቱ ከፈታኞቹ ዘንድ ነውና፣ አዲስ ሥዬ ባቀርብ ወዲያው እንደምትጨርስላቸው ለጎረቤታችን ነገርኋቸው።

«የለም» አሉኝ፤ «ሰዎቹ ያዩኝ በዚያኛው ነው።»