ተንበርክኬ ሳለሁ የታየው ተረከዜ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ለመመስከር ስነሣ አስቀድሜ ልናገር የሚገባኝ፣ በዚያ ዕለት ስለ ራሴ ጤና አለመጸለዬን ነው። ተንበርክኬ የለመንኩት በጽኑ ታሞ ስለ ነበረው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ስለ እግሬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

በግራ ተረከዜ ሥር ጥቁር ምልክት ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር። ትንሽ ነጥብ ሳለ በልማድ «ማርያም የሳመችኝ» እንደምንለው ቆጥሬ ተውኩት፤ ሲሰፋ ደግሞ ጫማ ነክቶኝ ደም የቋጠረ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ለባለሙያ አሳይቼ የሚቀባ መድኃኒት ታዞልኝ ተመለስኩ፤ ስለማያመኝም ረሳሁት። የገዛ ተረከዙን ማን ያያል?

በጸሎቱ ቤት ጫማችንን አውልቀን ስንንበረከክ ግን የእግር መዳፍ ከኋላ ላለ ሰው ይገለጣል። ከኋላዬ የነበሩት እናት ለብዙ ዓመታት በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጸሎቱ እንዳበቃ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይህን እግርህን ሐኪም አይቶታል?» አሉኝ። ቅባት እንደ ታዘዘልኝ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ቅባት አላልኩህም፤ የቆዳ ሐኪም ነው ያልኩህ» ብለው በዚያው ሳምንት እንድሄድ ቃል አስገቡኝ።

ሐኪሙ ብርሃን ባለው ማጉያ መሣሪያ ተረከዜን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። የእግር መዳፍ ቆዳ እንደ ጣት አሻራ ጉብታና ስርጉድ መስመሮች እንዳሉት፣ ጉዳት የሌለው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ በስርጉዱ ላይ እንደሚያርፍ፣ የእኔ ግን ጉብታውን ተከትሎ እንደ ተሰመረ አስረዳኝ። ሁለቱ ጎኖቹ አይመሳሰሉም፤ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው፤ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ ቀለም በአንድ ላይ ይታይበታል፤ ስፋቱ ከእርሳስ ውፍረት ይበልጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እየተለወጠ ነበር። ብሽሽቴን ዳስሶ ንፍፊት አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ በማደንዘዣ ናሙና ወሰደ።

ውጤቱን የጠበቅኩባቸውን ቀናት በዝርዝር አልተርክም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነበር፤ ውፍረቱ ግን 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚህ በሽታ ወሳኙ ጥልቀት መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከተሰራጨ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድምፃዊው ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረው በዚሁ ሕመም ነው። ለእኔ በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምረው ቆርጠው አወጡልኝና ክፍተቱን ከጭኔ በተወሰደ ቆዳ ሸፈኑት።

«ካመንክ ለምን ትቆረጣለህ?» ያሉኝ ወገኖች ነበሩ። አልተከራከርኳቸውም፤ ሆኖም ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸሎቱ ተሰምቶ 15 ዓመት በተጨመረለት ጊዜ እንኳ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንደ ተደረገለት አስታወስኳቸው።

ጥቁር ቆዳ በፀሐይ ጨረር ከሚመጣው አብዛኛው ጉዳት ይጠብቀናል ብዬ ተዘናግቼ ነበር፤ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ በዚያ ቦታ ባርኔጣም ክሬምም አያድንም፤ የሚያድነው ማየት ነው። በጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ በቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚወጣ ቁስል፣ ለሳምንታት ሳይድን የሚደማ ነገር ሁሉ መታየት አለበት። ቆዳቸው የነጣ፣ ይልቁንም ከአልቢኒዝም (ከልደት ጀምሮ የቆዳ ቀለም ማነስ) ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ካለው ፀሐይ በሰፊ ባርኔጣ፣ በረጅም እጅጌና በየሁለት ሰዓቱ በሚደገም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሊጠበቁ ይገባል፤ ይህን ለእነርሱ ማሟላት ቅንጦት አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ 4 ዓመት ሆኖኛል፤ በየቀጠሮዬ እታያለሁ፤ በሽታው አልተመለሰም፤ ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን። ወንድሜም ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመልሷል። በየወሩ መጨረሻ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መስታወት ከእግሬ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ጠባሳውን፣ በጣቶቼ መካከል ያለውን፣ ጥፍሮቼንም አያለሁ። እኚያ እናት ግን አሁንም ከኋላዬ ይንበረከካሉ፤ ከአሜን በፊት ዓይናቸውን ገልጠው ተረከዜን እንደሚመለከቱ አውቃለሁ።